ሁለቱ ድንቢጦች

ዮቪል፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ደረሰኝ። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ሲገቡ መስኮቱ ላይ ለድንቢጦች ፍርፋሪ እየበተንኩ ነበር። ልጄን ዳዊትን ቴምቢሳ ከተማ፣ የራሱ ሱቅ በር ላይ መኪና ገጭቶ ገደለብኝ።

ሁልጊዜ "እማዬ፣ እነዚህ እኮ ሁለት ዓይነት ናቸው" ይለኝ ነበር።

"ድንቢጥ ያው ድንቢጥ ነው፤ ይልቅ ሚስት ፈልግ!" እለዋለሁ።

"መጀመሪያ አንቺ ለዪያቸው" ብሎ ይስቃል።

ዛሬ ለቀስተኛው ሲወጣ ሁለቱም መጡ። የአንዱ ራስ ጥቁር ነው፤ ከዓይኑ ጀርባ ማጭድ የመሰለ ነጭ መስመር አለው። የሌላው አናት ግራጫ ነው። ለየኋቸው። ልነግረው ስልኬን አነሳሁ።

ይህን ደብተር የምታነቡ ሁሉ፣ ለዳዊት ነፍስ ጸልዩልኝ። እናቱ ወፎቹን መለየቷንም አብራችሁ ንገሩልኝ።