ነፋስ የጠፋ ዕለት ቅድሚያ ለበሽተኛ

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴን ከተውነው ደህና ነኝ።

ኮረብታው ላይ ስለተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ጠይቀሽኝ ነበር። ይሽከረከራሉ፤ ደስ ሲላቸው። ታክሲዎቻችን ሁሉ የኤሌክትሪክ ሆነዋል፤ ቻርጅ የሚያደርጉትም ከኮረብታው ሥር ነው። ነፋስ ግን እንደ ሹም ነው፤ በጣም ሲፈለግ አይገኝም። ሲደክም ከቻርጅ ማድረጊያ ገመዶቹ አንዱ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ሾፌሮቹ ተሰብስበው ሕግ አወጡ፦ ነፋስ ሲጠፋ በሽተኛ የጫነ ይቅደም። ደግ ሕግ ነው። ከወጣ ወዲህ ግን የሾፌሮቹ አማቶች በሙሉ ታመሙ። ተራ አስከባሪዋ መቼ ትሸወዳለች? በመስኮት አንገቷን አስግጋ "እስቲ ይሳሉልኝ" ትላለች። ጥሩ የሳለ ያልፋል። የቲያትር ሐያሲ እንኳ እንዲህ አይጨክንም።

ትናንት እናትሽን ይዤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወጣሁ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ባዶ ባትሪ አያደርስም። ሐኪሟ የሚቀመጠው እስከ ቀትር ነው፤ ካመለጠን ደግሞ እስከ መጪው ወር አናገኘውም። ነፋሱ ከዋዜማው ጀምሮ ቆሟል። ሾፌራችን፣ "አይቸኩሌ" የሚሉት፣ ስሙን ጠብቆ ዘግይቶ ደረሰና ሰልፉ ጭራ ላይ አቆመን። እናትሽ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታለች። "ሐኪም ዘንድ ተጎሳቁዬ አልሄድም" ባይ ናት።

ተራ አስከባሪዋ መጣች። "እትዬ፣ ሙሽራ መስለው! እርስዎን ደግሞ ምን ነካዎት?"

"ምንም" አለች እናትሽ።

አፌን ልከፍት ስል እጄን ጨመቀችኝ። "ስዬ ለምኜ አልቀድምም" አለች ቀስ ብላ።

አንዱ ሾፌር አማቱን አስሳለ። ጎበዝ ናቸው፤ እንባ ሁሉ ጨመሩበት። ገመዱ ተሰጣቸው። ባትሪው እስኪሞላ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወርደው በእኛ በኩል ሲያልፉ፣ እናትሽ "ይማርዎት" ብላ ውሃ አቀበለቻቸው። በሁለት እጇ ነው፤ አንዱ አልችል ብሏት። ሴትየዋ እንጨት ያከለውን የእጇን አንጓ አዩ። ውሃውን አልጠጡም።

"አንተ!" ብለው ጮኹ ወደ አማቻቸው። "ንቀለው!"

"እማማ፣ ገና እኮ ነው..."

"ንቀለው አልኩህ! እኔ ለሰርግ ነው የምሄደው! በሽተኛዋ እዚህ ናት!"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እናትሽም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን ወደ ጎን አሸሹልን።

ደረስን። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ቆየ። እናትሽ ልብሷን ልትለብስ ገባ ስትል "ልጅ አላችሁ?" አለኝ።

"አንዲት አለችን፤ ውጭ አገር ናት።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

ስለ መድኃኒት ምንም አላነሳም።

እናትሽ "ደህና ናት ብለህ ጻፍልኝ" ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ። መቼ ትመጫለሽ ብዬ እኔ አልጠይቅሽም። የጠየቀው ሐኪሙ ነው።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ መንገድሽን ከመጓተት ይጠብቅልሽ።

አባትሽ