አሥራ አራት የረኩ ሰፊዎች

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ዛሬም ሠላሳ ስምንት ሸሚዝ ተመለሰ። ሁሉም በኮሌታው ምክንያት። ሌላው እንደ ወትሮው… ስገባ ወሬው ቆመ፣ አሥራ አራቱም ሰፊዎች አቀረቀሩ። አለቃ መሆን ደስ ይላል ያለው ማነው?

ጥቅምት 6
ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ተመላሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነሰ የኮሌታ ክፍላችን ይዘጋል፤ ተሰፍቶ ያለቀ ኮሌታ ከሌላ ቦታ ይገዛል። አሥራ አራት ሰው… ከእኔ ጋር አሥራ አምስት። ቅጽም ሰጠኝ። «በሥራችሁ ምን ያህል ረክታችኋል?» ይላል። ስም አይጻፍበትም።

ሳድላቸው አፌ አላርፍ አለ። «ቅሬታ እንዳትጽፉ፣ ሰበብ እየፈለጉ ነው» አልኳቸው። ለእነሱ ብዬ ነው። ለእነሱ ነው?

ጥቅምት 8
ጉድ ፈላ። አሥራ አራቱም «በጣም ረክቻለሁ» ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ ቅጾቹን እያገላበጠ፣ «ሁሉም እንዲህ ደስ ካለው ኮሌታው ለምን ይጣመማል? ችሎታ ነዋ የጎደላቸው! መዝጋት ይሻላል» አለኝ።

«እኔ ነኝ እንዲያ ያስጻፍኳቸው» አልኩ። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። «ታዲያ ምን እንደሚያስከፋቸው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። አራት ዓመት አለቃቸው ሆኜ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እኔ ነኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሡኝ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 9
አፈርኩ።

ጥቅምት 11
በርጩማ ስቤ እትዬ የምንላቸው ሰፊ ጎን ተቀመጥኩ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። ተመላሽም የሚበዛው የእሳቸው ነው።

«ምን ያስቸግርዎታል?»

«ምንም።»

«እትዬ፣ በሞቴ።»

መስፋታቸውን አቆሙ። «መስኮቱ ከኋላዬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በገዛ ጥላዬ ላይ ነው የምሰፋው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ…»

ከኋላ አንዷ ሳቀች። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! መቀሱ ዶልዱሟል። ሸሚዙ አልቆለት አይተነው አናውቅም። አንቺ ደግሞ ከጀርባችን ስትቆሚ እጃችን ይንቀጠቀጣል… ይህቺኛዋ ወጋችኝ። ግን ጻፍኳት።

ጥቅምት 13
ማሽኖቹን ወደ መስኮቱ ስናዞር ዋልን። ወገቤ! መቀሶቹን አስሳልኩ። አንድ ያለቀለት ሸሚዝም ግድግዳው ላይ ሰቀልን። እትዬ ኮሌታውን ዳብሰው «ይሄ የኛ ነው?» አሉ። ከጀርባቸው መቆም ትቻለሁ። ከባድ ነው፤ እግሬ በልማድ ይሄዳል።

ጥቅምት 20
ተመላሽ አሥራ ሦስት። እትዬ የኮሌታውን ጫፍ ሳይጣመም የሚገለብጡበት የራሳቸው መላ አላቸው። ዛሬ ለሌሎቹ ሲያሳዩ ደረስኩ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጥቅምት 30
ተመላሽ አራት ብቻ። ሥራ አስኪያጁ «ክፍሉ ይቀጥላል» አለኝ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። በሩ ላይ ሆኜ «ስሙኝማ!» ስል፣ እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ይህቺን ልጨርስ።»

ሌሎቹም መስፋታቸውን አላቆሙም። ዱሮ ቢሆን እቆጣ ነበር። ወሬው አፌ ላይ ደርሶ፣ ቆሜ ጠበቅኳቸው።