ከዓሊ የተረፉ አሥር ፊደሎች

ሰኞ፣ የካቲት 6። ከቀኑ 5 ሰ.

መብራት የለም። ሦስተኛ ቀን። ላሜራ መቁረጫው ግራይንደር ዝም፣ ብየዳው ዝም፣ የምለፈልፈው እኔ ብቻ። ደብተሬ፣ ዛሬም አንቺን ከማስቸገር ሌላ ሥራ የለኝም ልል ስል ሣህራ መጣች።

ሣህራ ታይዋን ገበያ ጥግ ላይ ሸራ ዘርግታ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ናት። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ነፋስ! አሁን ሱቅ ተከራየች። የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትከፍታለች። ታፔላ ፈልጋለች፦ ሶማሊኛውና አማርኛው በቀለም፣ እንግሊዝኛው ግን በኔ የላሜራ ፊደል፣ ቀይ፣ ከሩቅ የሚጠራ። ስሙን አንተው አውጣልኝ፣ ካልደረሰ ግን ባለ ማተሚያው ኤልያስ ባነር ያትምልኛል አለች። ኤልያስ ጄኔሬተር አለው።

ባነር! የጅግጅጋ ነፋስ በሁለት ወር የሚበጣጥሰው ጨርቅ። ይደርሳል አልኳት። በምን እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ያለ መብራት አንዲት ፊደል አልቆርጥም።

ማክሰኞ፣ 7

ዕቃ ቤት ገባሁ። ጆንያ ውስጥ የዓሊ ፊደሎች! ዓሊ ልብስ ቤት ሊከፍት DHARKA CALI ብሎ አሠርቶኝ ነበር፤ የዓሊ ልብስ ማለት ነው፣ ሶማሊኛ ዓሊን በ C ይጀምረዋል። ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ድንበር ላይ ቶጎ ውጫሌ ገባ፤ ፊደሎቹ ቀሩ። አሥር ናቸው። ቀለማቸው እንኳ አልደበዘዘም። የማን እጅ ሆኖ!

ወለል ላይ ደረደርኳቸው። ከነዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ማውጣት ነው እንግዲህ። HARD። HAIR። CHAIR። RAIL። DARK፤ ለሕፃን ልብስ «ጨለማ»፣ ጉድ እኮ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ቃል፣ ያውም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ስቆርጥ ቃሉ በጣቴ ገብቷል።

ባለቤቴ ጽጌ የመ/ቤት ጸሐፊ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ይህንንም በየዓመቱ ሁለቴ ታስታውሰኛለች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ኤልያስን ለአንድ ሰዓት መብራት ብትለምነው ምን ይልሃል አለች። ሞቼ ነው!

12 ሰ. CHILD! አምስቱም ፊደል አለ! ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጽጌ ራሷ ደግ ነው አለች። ከሷ አፍ «ደግ ነው» ሜዳልያ ነው።

ረቡዕ፣ 8

ሣህራ አልፈለገችውም። በዚያ ረድፍ «ቻይልድ» የሚል ሱቅ ሁለት አለ። «ወላሂ ጌታሁን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺ ባለ ሸራዋ ሲሉኝ ኖርኩ። አሁን የማንም ያልሆነ ስም እፈልጋለሁ።»

ተናደድኩ። ባነርሽን አሳትሚ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከሄደች በኋላ ሳስበው አፈርኩ። እኔ የሰው ሁሉ ስም ስሰቅል ኖሬ ይህ ሊጠፋኝ?

ሐሙስ፣ 9። ጠዋት

የጽጌን መዝገበ ቃላት ከነአቧራው አወረድኩ። ፊደሎቹን ከፊቴ አድርጌ ከ C ጀመርኩ። ቃሉን ማየት፣ ወለሉን ማየት፣ ቃሉን ማየት። ዓይኔ ጠፋ።

CRADLE! የሚወዘወዝ የሕፃን አልጋ ይላል። C አለ፣ R አለ፣ A፣ D፣ L አለ። መጨረሻዋ E የለችም። ጆንያውን ገለበጥኩት። የለችም።

ቢሆንም ለሣህራ ደወልኩ፣ ትርጉሙን ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። ሦስቱንም ልጆቿን ያሳደገቻቸው ሸራው ሥር፣ በፓስታ ካርቶን ውስጥ ነው ለካ። በእግሯ እየወዘወዘች ትሸጥ ነበር። ይኸው ነው ስሜ አለች። አሁን E ጎደለች ብዬ እንዴት ልንገራት?

9 ሰ.

ጽጌ አንዷን ፊደል በቀለም ጻፋት ትላለች። አምስት ላሜራ ከአንድ ቀለም ጋር! ከኔ እጅ አይወጣም። እሺ፣ ኩራቴን ዋጥኩና ወደ ኤልያስ ወጣሁ። በሩ ላይ ወረቀት፦ ባቢሌ ነኝ፣ ነገ እመለሳለሁ። ስመለስ አንገቴን ቀና አደረግሁ። GETAHUN ART። የራሴ ታፔላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ የቆረጥኩት፣ የመጀመሪያ ሥራዬ። ልኩ ያው፣ በየዓመቱ የማድሰው ቀዩም ያው። ዛሬም የምቆርጠው በዚያው ሞዴል ነው።

መሰላል አመጣሁ። ሁለቱ ብሎኖች ዝገው እንቢ አሉ። E ስትወርድ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አቧራዋን በእጅጌዬ ጠረግኩላት።

ዓርብ፣ 10

ተሰቀለ! ስድስቱም በአንድ መስመር። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያብድ ዋለ፤ አንዷም ንቅንቅ አላለችም። የገበያው ሴቶች እልል አሉ። ኤልያስ ከባቢሌ ሲመለስ ቆሞ አየ፤ ተንጠራርቶ በመዳፉ ጠርዙን ዳሰሰና፣ ማሽን ይህን አይሠራም አለ። ጮክ ብሎ፣ ሰው እየሰማ! ሣህራ መንገዱን ተሻግራ ታፔላውን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሻገራለች። ኮራሁ። ደብተሬ፣ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ 11። ጠዋት

መብራት መጣ። ግራይንደሩ ጮኸ። ጽጌ ከሥራ ሁሉ በፊት E ቁረጥ ትለኛለች፤ ታፔላ ሠሪ የራሱ ስም ጎዶሎ ሆኖ መሳቂያ ይሆናል። ላሜራውን አነሣሁ፣ ለካሁ፣ ምልክት አደረግሁ። ወጥቼ አየሁት። ሁለት የብሎን ቀዳዳ፣ ፀሐይ ያልነካው ንጹሕ ግድግዳ።

ላሜራውን መልሼ አስቀመጥኩ። ቦታው ባዶ ይቆይ። ፊደልህ የት ሄደች ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ክንዱን ይዤ ሣህራ በር ድረስ እወስደዋለሁ።