የበሩ የመጀመሪያ ቀለም

ይድረስ ለተወደድሽ ልጄ፤ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ሰፈራችን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ቤቶች በመጀመሪያ ቀለማቸው ብቻ እንዲታደሱ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ አዝዟል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ቀለም ቀቢ ቀጠርሁ። በሩ ከጥንትም ግራጫ እንደነበር አስረግጬ ነገርሁት። እርሱ ግን በሩን ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ግራጫው ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ሰማያዊው ነው» አለኝ። እናትሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በልጅነትሽ በሩ ሰማያዊ ይሁን ብለሽ ስታለቅሺ፣ «ደንቡ አይፈቅድም» ብዬ መቆጣቴን አልዘነጋሁም። ደንቡን አላነበብሁትም ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ፈቅዷል፤ ናሙናዎቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንዱን መርጠሽ አስታውቂኝ። መልስሽ እስኪደርስ በሩ ሳይቀባ ይቆያል።

የመረጥሽው ሁሉ ይባረክልሽ።

አባትሽ