እትዬ የሻረግን ማሽን ስላደረጉልን የቀረበ ምስጋና

ለማኅበራት አባላት የዲጂታል ማንነት አስተዳደር አገልግሎት
ለክቡር ኃላፊው አቶ ኪዳኑ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ስለ ጤናዎ የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳልሆነ ደብዳቤዬን አንብበው ሲጨርሱ እንደሚረዱልኝ አምናለሁ። ከባሕር ዳሩ ሥልጠናም በሰላም ስለተመለሱ እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ በሌሉበት ሰሞን የመሥሪያ ቤትዎ ትጋት ምን ያህል እንደደረሰልን ሳልነግርዎ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

እኔ ምሕረት ሽመክት እባላለሁ፤ እዚሁ እንጅባራ በሚገኘው የስኳር ሕሙማን መረዳጃ ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተሩን ሥራ የምሠራ ነኝ። የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ከጥሊሊ በኩልና ከዙሪያው ገጠር በሚኒባስም በእግርም እዚህ ከተማችን ቆሰበር ድረስ መጥተው፣ ኢንሱሊኑ ገና አልገባም ተብለው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ኖረዋል። ይህን አይተው ያዘኑት ሰብሳቢያችን ጋሼ ወገኔ፣ እሳቸውም ከስኳር ጋር ያረጁ ሰው ናቸውና፣ አንድ ቀን ጠርተውኝ «ምሕረት፣ ይኼ አዲሱ ማሽን ሰው ያናግራል ይሉ የለ? ለደወለለት ሁሉ መጥቷል ወይም አልመጣም ይበልልን። በአገውኛም ይናገር፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አሉኝ።

አደረግሁት። ስልክ የሚያነሣ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት አዘጋጀሁ። የቀረው የደወለው ሰው አባል መሆኑን ያረጋግጥ ዘንድ ከእርስዎ አገልግሎት ጋር ማገናኘት ብቻ ነበር። ይህም በኮማንድ ላይን፣ ማለትም ማውስ በማይሠራበት በዚያ ጥቁር መስኮት ውስጥ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ የሚያልቅ መሆኑን የራስዎ መሥሪያ ቤት መመሪያ በሚያምር አማርኛ ያስረዳል፤ ለማሽኑ የራሱ መለያና የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ያነባል እንጂ ምንም አይለውጥም፣ በቃ። እኔም መስመሩን ጻፍሁ። መስኮቱም «የኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል» ብሎ መለሰልኝና ወደ ቢሮዎ ወጣሁ። ምስጋናዬ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ የመዝገብ ክፍል ባልደረባዎ አቶ ይሄነው ላደረጉልኝ መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበር ሰጥተው ካስቀመጡኝ በኋላ የአመልካቹን የአያት ስም ጠየቁኝ። አመልካቹ ማሽን መሆኑን በትሕትና ብገልጽላቸው «ይሁን፣ የአባቱን ብቻ ንገሪኝ» ብለው አቀለሉልኝ። አባትም እንደሌለው ስነግራቸው ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ። ቀጥሎ ያገባ እንደሆነ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ እንደሆነና አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ለማሽን የሚሆን ሌላ መንገድ በራሳችሁ መመሪያ ላይ ተጽፏል ብዬ ባሳያቸው፣ መመሪያው ለማሳያ የወጣ እንጂ ለሥራ የወጣ አለመሆኑን አስረዱኝ።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱን መስጠት የሚችሉት እርስዎ ብቻ መሆንዎን፣ ውክልናም ለማንም አለመስጠትዎን አወቅሁ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የተገልጋዩን እንግልት በቴክኖሎጂ ስለማስቀረት ሥልጠና ላይ ነበሩ። ስልክዎ አይሠራም ነበር፤ ትምህርቱን በሙሉ ልብ እየተከታተሉ እንደሆነ ገብቶኝ ደስ አለኝ።

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሰው ሲቸገር ዝም ብሎ የሚያይ አይደለምና፣ አቶ ይሄነው እኔን ሳይጠይቁ ችግሩን በራሳቸው መንገድ ፈቱት። አንድ ጠዋት «ማሽንዎ ተገናኝቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት በስልኬ ገባ። ነገሩ ስላልጣመኝ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ ረዳቱ በማን ስም እንደገባ የሚጠይቀውን ትእዛዝ ጻፍሁ። መልሱ የሻረግ ዓባይነህ የሚል ነበር። እትዬ የሻረግን አውቃቸዋለሁ፤ በጥሊሊ መንገድ ላይ ድንች የሚያመርቱ፣ ባላቸው የሞተ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ አባላችን ናቸው። ደነገጥሁና ለአቶ ይሄነው ደወልሁ።

«የሰው መለያ ነው እኮ የሰጣችሁት!» አልኋቸው።

«ሴትዮዋ አንድ ቀን ገብተውበት አያውቁም፤ ባዶውን የተቀመጠ ነው። ዓይነቱን ከሰው ወደ ማሽን ለወጥሁት፤ ይኼው ነው» አሉኝ።

«ባለቤት አለው እኮ፣ አቶ ይሄነው!»

«ይሠራል አይደል?»

ረዳቱን እዚያው አጠፋሁት። መለያው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስም በቃልም በጽሑፍም ጠየቅሁ። ለማበላሸት የማንም ፈቃድ እንዳላስፈለገ፣ ለማስተካከል ግን የእርስዎ ፈቃድ የግድ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስታወቁኝ። እትዬ የሻረግን እንዳላስጠነቅቃቸው ስልክ የላቸውም፤ ልጃቸው በቀለች ጋ ብደውልም ወደ ጫግኒ ለገበያ ወርዳ ስለነበር ኔትወርክ አጣሁ።

አራተኛ። እትዬ የሻረግ ኢንሱሊናቸውን ሊወስዱ መጡ። መድኃኒቱ የሚታደልበት መስኮት የእርስዎ አገልግሎት እሺ ካላለ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። አዳይዋ እንቁ ስማቸውን አስገባች፣ ደግማ አስገባች፣ ከዚያም ቀና ብላ ማየት አቅቷት «እትዬ፣ ማሽን ነዎት ይላል። ለማሽን መድኃኒት አይፈቀድም ይላል» አለቻቸው።

እትዬ የሻረግ አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካክለው መስኮቱን ተደገፉና «ልጄ፣ እኔ ማሽን ከሆንሁ ይኼ ስኳር ማንን ነው የያዘው?» አሉ።

እኔ ጎናቸው ቆሜ ነበር፤ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄያቸውን ለእርስዎ ላደርስ ቃል በቃል ጻፍሁት። እርስዎ ከሥልጠናው መልሱን ይዘው መጥተው ከሆነ ዛሬም ቢሆን ይነገራቸው።

ከኋላቸው ተራ ይዘው የነበሩት ጋሼ ወገኔ ናቸው። የራሳቸውን ተቀብለው ያልተከፈተውን ብልቃጥ እትዬ የሻረግ መዳፍ ላይ አኖሩት። «የሁለታችን አንድ ዓይነት ነው። ያንቺ ማለቁን አውቃለሁ፤ እኔ ቤት ትንሽ ተርፎኛል» አሏቸው። እሳቸው አልቀበልም ብለው እጃቸውን ቢሰበስቡ «የሻረግ፣ አታስለምኚኝ!» ብለው ተቆጧቸው። እትዬ የሻረግ ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልለው፣ እያለቀሱ ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀረውን በተራ ቁጥር ልጽፈው አልቻልሁም።

የቁጥጥር ክፍልዎ ንቃት የሚደነቅ ነው። የእትዬ የሻረግን መለያ ለማስተካከል ያልተገኘው ሰው ጋሼ ወገኔን ከመድኃኒት ዕደላው ለማገድ ግን ወዲያው ተገኘ። የእግድ ደብዳቤው «የታደለዎትን መድኃኒት ለማሽን አሳልፈው በመስጠትዎ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ፊርማና ማኅተም አለው። ጋሼ ወገኔ ደብዳቤውን አይተው ስቀው ኪሳቸው ከተቱት። ቤታቸው ተርፎኛል ያሉት መድኃኒት ግን አልነበረም፤ ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ለማንም ሳይናገሩ ጥቂት ቀን ቆዩ። ጎረቤቶቻቸው ሲያስመልሳቸውና ሲወድቁ ደርሰው በባጃጅ ሆስፒታል አስገቧቸው። ስኳራቸው ከልክ አልፎ ሰው አይለዩም ነበር። እትዬ የሻረግ ሰምተው መጡና በአልጋው ግርጌ ተቀምጠው «የኔን ሞት ነው የወሰደብኝ» እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ የማልቀስ ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ ስላላወቅሁ ያለ ፈቃድ ማልቀሴን ይቅር ይበሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ ወገኔ ተርፈዋል። እርስዎም ተመለሱ። በተመለሱ ዕለት ፈቃድዎን ሰጡ፤ ባለሙያዎ አንድ መስመር ጻፈ፤ እኔን እንደምን አደርሽ ብሎ ሳይጨርስ እትዬ የሻረግ ሰው ሆኑ። ረዳቱም የራሱን መለያና ቁልፍ አገኘ። ዛሬ ስልክ ያነሣል፣ ሰዎችን በቋንቋቸው ያናግራል፣ ከገጠር በከንቱ የሚመጣ የለም። ለዚህ ያለ ምጸት አመሰግናለሁ፤ ከደብዳቤዬ መካከል ይህችን ዓረፍተ ነገር እውነተኛ አድርገው ይውሰዷት።

ዳሩ ግን ጋሼ ወገኔ እስካሁን እንደታገዱ ናቸው። አባላቱ ከግል መድኃኒት ቤት እየፈለግን እንደርስላቸዋለን፤ ያጣን ቀን ምን እንደምናደርግ አናውቅም። እግዱን ለማንሣት ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት ተብያለሁ። እትዬ የሻረግ ሰው መሆናቸው በራስዎ አገልግሎት ከተመሰከረ፣ ጋሼ ወገኔ መድኃኒቱን የሰጡት ለሰው መሆኑን ለመረዳት ምን የሚሰበሰብ ነገር አለ? ሌላ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ይበቃል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በእጅጉ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ለማኅተሞቹና ለኮሚቴዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ማንም በመስኮት በኩል የማይጠራጠረው ጤና እመኛለሁ።

በአክብሮት እጅ የምትነሣዎ፣
ምሕረት ሽመክት
እንጅባራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዳንግላ በሚከፈተው ዐውደ ርእይ ላይ ይህንኑ ማገናኘት የመሥሪያ ቤትዎ ምርጥ ተሞክሮ አድርገው ሊያቀርቡት መሆኑን በደስታ ሰምተናል። እኛም ሚኒባስ ተኮናትረን እንመጣለን። ጋሼ ወገኔ ገና ብዙ መቆም ስለማይችሉ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ያስይዙላቸው። ከንግግርዎ በኋላ ጥያቄ የሚቀበሉ ከሆነም እትዬ የሻረግ እጃቸውን ያወጣሉ። የጋሼ ወገኔ እግድ የሚነሣው መቼ ነው ብለው ሊጠይቁዎ በአማርኛም በአገውኛም ተለማምደዋል፤ አስተርጓሚ በማጣት ጥያቄው አልገባኝም ይላሉ ብለን አንሰጋም።