አንጮቴ የማይበላው ጫጩት

ኢንታለ ኮ፣ ልጄ ሊሊሴ፣ በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የነቀምቴ ዝናብ ግን አላባራ አለ። አባትሽ ደግሞ አንጀቴን እያሳረረው ነው! ከአቮካዶው ዛፍ የወደቀ፣ እግሩ የተሰበረ የወፍ ጫጩት አንስቶ አንቺ ክፍል አስገባልኝ። የአንጮቴ ሥር ስብራት ይጠግናል ብሎ፣ ቀቅሎ እያደቀቀ በግድ ያጎርሰዋል፤ ጫጩቱም ይተፋዋል። «ይሄ ትል ነው የሚበላው» ስለው፣ «የኔን ክንድ የጠገነው አንጮቴ አይደል?» ይለኛል። እናቲቱ ትል በአፏ ይዛ መስኮቱን ስትዞር ትውላለች፤ እሱ ብርድ ይገባል ብሎ ዘግቶባታል። ትናንት አላስቻለኝም፤ ቤተክርስቲያን ሲሄድ ጠብቄ ከፈትኩላት። ገብታ አጎረሰችው። አባትሽ አኩርፏል፤ ያኩርፍ!

አንቺም እባክሽ በቪዲዮ ስደውልልሽ «በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ» እያልሽ ካሜራውን አትዝጊብኝ፤ ፊትሽን ልየው። በሰው አገር የሚያጎርስሽ አያሳጣሽ።

እናትሽ ቀለሟ