የማርያም ማግስት ወረፋ

ላሊበላ፣ ጥር 22

ደክሞኛል። ትናንት አስተርዮ ማርያም ስለነበር የገጠር ጤና ጣቢያዎቹ ለሆስፒታላችን ሪፖርት አልላኩም። ዛሬ ጠዋት ሁሉም የትናንቱን ባንዴ ለቀቁት። መልእክቱ የሚመጣው በሳተላይት ነው፤ ከጣቢያዎቹ ወደ ሳተላይቱ የሚያወጣው የሬዲዮ መንገድ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሁለት መልእክት እኩል ከተነሳ ይጋጭና ሁለቱም ይጠፋል። ማሽኖቹ ደግመው ይልካሉ፣ ደግሞ ይጋጫል። ለየጣቢያው የመላኪያ ተራ ያወጣሁት እኔ፣ የሆስፒታሉ የመገናኛ ቴክኒሻን ነኝ። ተራው ያለፈው ሪፖርት በማግስቱ ጠዋት ይላክ ብዬ ማሽኖቹን ያዘዝኩትም እኔው። የቄስ ልጅ ሆኜ በዓል የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም!

በዚህ መሀል ከደጋው ጣቢያ ሲስተር የሺ አምቡላንስ ጠይቃ ኖሯል፤ ምጥ ለጠናባት እናት። መልእክቱ አልደረሰንም። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታላችን አደረሷት። ሲስተር የሺ አብራ መጥታ በር ላይ አገኘችኝ።

«ወንድሜ፣ ምጥም ተራ ይጠብቃል እንዴ?» አለችኝ።

ወደ ማሽኑ ክፍል ተመለስኩ።

ነገ ለድንገተኛ መልእክት የብቻውን መንገድ እለይለታለሁ። ሪፖርቶቹም ተበታትነው እንዲላኩ አደርጋለሁ። ዛሬ ለማን ይጠቅማል? ሴትዮዋ ከቀዶ ጥገና ክፍል ገና አልወጣችም።

አሁን ማሽኑ ጮኸ። ከደጋው ጣቢያ ነው፤ ሲስተር የሺ ጠዋት የላከችው። «እባካችሁ አምቡላንስ ቶሎ ላኩልን» ይላል።